የወንድነት መርፌና የልጅ ተስፋ፦ የቴስቶስትሮን ሕክምና ከመጀመሩ በፊት ሊነሣ የሚገባው ጥያቄ

ቴስቶስትሮን የተባለው ሆርሞን በብዙዎች ዘንድ የወንድነት መለያ ተደርጎ ይታያል። ጢም የሚያበቅለው፣ ድምፅን የሚያጎረንነው፣ ጡንቻንና አጥንትን የሚያጠነክረው፣ የወሲብ ፍላጎትን የሚቀሰቅሰው እርሱ ነው። ይህ ሆርሞን ያነሰው ሰው በመርፌ፣ በቆዳ ላይ በሚቀባ ቅባት ወይም በሌላ መንገድ ከውጭ ሲሰጠው ጉልበቱ ይመለሳል፤ ስሜቱም ይነቃል። በዚህም ምክንያት ብዙ ሰው የመውለድ ዐቅሙም አብሮ የሚጨምር ይመስለዋል። እውነታው ግን ተቃራኒው ነው። ከውጭ የሚገባ ቴስቶስትሮን የወንድን የዘር ሕዋስ ምርት ያዳክማል፤ በብዙዎች ላይም ሕክምናው እስከ ቀጠለ ድረስ ጨርሶ ያቆመዋል።

ይህን ሳያውቅ ሕክምናውን የጀመረ፣ ልጅ የሚመኝ ባለትዳር የሚጠብቀው ችግር ቀላል አይደለም። ሰውነቱ እየፈረጠመ፣ ጤናውም የተሻሻለ እየመሰለው ትዳሩ ያለ ልጅ ይቆያል። ችግሩ ከእርሱ ይሆናል ብሎ የሚጠረጥር አይኖርም፤ ጣት የሚቀሰረው ወደ ሚስቱ ነው። ጉዳቱን አስቀድሞ መከላከል ይቻል እንደነበር ሲታሰብ ደግሞ ነገሩ ይበልጥ ያሳዝናል።

ጉዳዩ ለምን አሁን ይነሣል?

በአሜሪካ በጤና መድን መረጃ ላይ የተመሠረተ ጥናት እንዳሳየው፣ ዕድሜያቸው 40 ዓመትና ከዚያ በላይ ከሆኑ ወንዶች መካከል የቴስቶስትሮን ተጠቃሚዎች እ.ኤ.አ በ2001 ከመቶ 0.81 ነበሩ። በ2011 ድርሻቸው ከመቶ 2.91 ደርሷል፤ በዐሥር ዓመት ውስጥ ከሦስት እጥፍ በላይ አድጓል ማለት ነው። የአገሪቱ የምግብና መድኃኒት አስተዳደር በ2015 ባወጣው ማሳሰቢያ መድኃኒቱ የተፈቀደው በዘር ፍሬ፣ በፒቱታሪ ዕጢ ወይም በአንጎል ሕመም ምክንያት ሆርሞናቸው ላነሰ ወንዶች እንደሆነ ገልጾ፣ ዕድሜ በመግፋቱ ብቻ ለሚመጣ መቀነስ ጥቅሙና ደኅንነቱ እንዳልተረጋገጠ አስታውቋል። ለድንገተኛ የልብ ሕመምና ለስትሮክ ሊያጋልጥ እንደሚችል የሚገልጽ ማስጠንቀቂያም በመድኃኒቱ መግለጫ ላይ እንዲጨመር አዝዟል።

ከዚያ ወዲህ የነበረው ክርክር በአመዛኙ በልብ ጤና ላይ ያተኮረ ነው። በ2023 ውጤቱ የታተመው፣ ከ5,200 በላይ ወንዶች የተሳተፉበት ጥናት፣ ሆርሞናቸው በእርግጥ ያነሰና ለልብ ሕመም የተጋለጡ ወንዶች ቴስቶስትሮን በመውሰዳቸው ምክንያት ከሌሎቹ በበለጠ ለከባድ የልብ ሕመም እንዳልተዳረጉ አሳየ። በ2025ም የአሜሪካው ተቆጣጣሪ አካል ይህንኑ ውጤት በመድኃኒቱ መግለጫ ላይ እንዲካተት አድርጓል፤ የደም ግፊትን እንደሚጨምር የሚገልጽ ማስጠንቀቂያም አክሏል።

ይህ ዜና መድኃኒቱ ምንም ጉዳት እንደሌለው ማረጋገጫ ተደርጎ እንዳይወሰድ መጠንቀቅ ያሻል። በጥናቱ የተካተቱት ወንዶች ዕድሜያቸው ከ45 እስከ 80 ዓመት ነበር። የጥናቱ ዋና ጥያቄ ስለ ልብ እንጂ ስለ ልጅ አልነበረም። ስለዚህ ገና ትዳር ያልያዘ የ25 ዓመት ወጣት ወይም አንድ ልጅ ወልዶ ሁለተኛ የሚጠብቅ የ35 ዓመት አባት ለሚያሳስበው ጉዳይ ከዚህ ጥናት መልስ አያገኝም።

ጉዳዩ የሩቅ አገር ጉዳይ ብቻም አይደለም። በአሜሪካና በአውሮፓ የሚኖሩ ወገኖቻችን መድኃኒቱን በሐኪም ትእዛዝ ሊያገኙት ይችላሉ። በማኅበራዊ ሚዲያ የሚሠራጨው የድካምና የስንፈተ ወሲብ መፍትሔ ማስታወቂያ በእጅ ስልክ ከተማም ገጠርም ይደርሳል። ጡንቻ በፍጥነት ለማፈርጠም በሰውነት ማጎልመሻ ስፍራዎች የሚወሰዱት ስቴሮይዶችም ቢሆኑ ከቴስቶስትሮን ወገን ናቸው፤ በዘር ላይ የሚያደርሱት ጉዳትም ተመሳሳይ ነው።

ከውጭ የመጣው ውኃ ቦዩን ሲያዘጋ

አርሶ አደሩ ወይፈን ሲኮላሽ ምን እንደሚሆን ያውቃል። ቁጣውና ግልፍተኝነቱ ይበርዳል፤ ማዳቀሉንም ያቆማል። ሁለቱም ከአንድ አካል የሚመነጩ ናቸውና። የሰውም የዘር ፍሬ እንዲሁ ሁለት ሥራ አለው። አንደኛው ቴስቶስትሮንን አመንጭቶ ወደ ደም መላክ ነው፤ ሁለተኛው የዘር ሕዋስን ማምረት ነው። አንዱ ሲጨመር ሌላውም ይጨምራል የሚለው የተሳሳተ ግምት የሚመነጨው ከዚህ ነው።

ሁለቱን ሥራዎች የሚያዝዘው አንጎል ነው። ሃይፖታላመስ የተባለው የአንጎል ክፍል በሥሩ ለሚገኘው ለፒቱታሪ ዕጢ ትእዛዝ ይሰጣል። ፒቱታሪ ደግሞ ኤል ኤች እና ኤፍ ኤስ ኤች የተባሉ ሁለት መልእክተኛ ሆርሞኖችን ወደ ዘር ፍሬ ይልካል። ኤል ኤች ቴስቶስትሮን እንዲመረት ያደርጋል፤ ኤፍ ኤስ ኤች የዘር ሕዋስን የሚንከባከቡትን ሕዋሳት ያነቃል። በደም ውስጥ ያለው ቴስቶስትሮን በቂ ሲሆን አንጎል ይህን ተረድቶ መልእክቱን ይቀንሳል፤ ሲያንስም ይጨምራል።

አሠራሩ ከባህላዊ መስኖ ጋር ይመሳሰላል። የውኃ አባት ቦዩን የሚከፍተውና የሚዘጋው በታችኛው ማሳ ያለውን እርጥበት አይቶ ነው እንበል። ቦዩ ወደ ማሳው ከመድረሱ በፊት በላይ በኩል የሚገኘውን የችግኝ መደብ ያጠጣል። አንድ ቀን ታችኛው ማሳ በቦቴ በመጣ ውኃ ይረሰርሳል። የውኃ አባቱ ማሳው መጥገቡን አይቶ ቦዩን ይዘጋዋል። ማሳው አረንጓዴ ነው፤ የችግኝ መደቡ ግን ይደርቃል።

ማሳው ደምና ጡንቻ ነው፤ የችግኝ መደቡ የዘር ፍሬ ነው። የዘር ሕዋስ ለማደግ የሚፈልገው የቴስቶስትሮን መጠን በደም ውስጥ ካለው በብዙ እጥፍ የሚበልጥ ሲሆን፣ ያን ያህል መጠን ሊያገኝ የሚችለው እዚያው በዘር ፍሬው ውስጥ ሲመረት ብቻ ነው። በመርፌ የገባው ሆርሞን ደምን ይሞላል እንጂ ይህን ጉድለት አይሸፍንም። በ2005 የታተመ አንድ ጥናት በ29 ጤነኛ ወንዶች ላይ እንዳረጋገጠው፣ ቴስቶስትሮን ብቻ በተሰጣቸው ወንዶች በዘር ፍሬ ውስጥ ያለው የሆርሞን መጠን በሦስት ሳምንት ውስጥ በ94 በመቶ አሽቆልቁሏል።

ለወሊድ መቆጣጠሪያነት የተፈተነ መድኃኒት

ቴስቶስትሮን ዘርን እንደሚያቆም ከታወቀ ቆይቷል። የዓለም ጤና ድርጅት ይህንኑ ጠባዩን በመጠቀም ለወንዶች የወሊድ መቆጣጠሪያ ይሆን እንደሆነ አስፈትሾታል። በ1990 ይፋ በሆነው ጥናት በሰባት አገሮች የሚገኙ 271 ጤነኛ ወንዶች በየሳምንቱ 200 ሚሊግራም ቴስቶስትሮን በመርፌ ሲወስዱ፣ ከእነርሱ 157ቱ በስድስት ወራት ውስጥ በዘር ፈሳሻቸው አንድም የዘር ሕዋስ አልተገኘም። በእነዚህ ወንዶች ትዳር ውስጥ በተደረገው የአንድ ዓመት ክትትል የተመዘገበው እርግዝናም አንድ ብቻ ነበር። በ1996 የታተመውና 399 ወንዶች የተሳተፉበት ተከታይ ጥናት ደግሞ ከመቶ 98ቱ የዘር መጠናቸው እጅግ እንዳነሰ ወይም ጨርሶ እንደጠፋ አሳይቷል።

ይህ ማለት ግን ሕክምናውን የሚወስድ ወንድ ሁሉ በእርግጠኝነት አያስረግዝም ማለት አይደለም። ምላሹ ከሰው ሰው ይለያያልና መርፌውን እንደ ወሊድ መቆጣጠሪያ መተማመኛ ማድረግ ሌላ ስሕተት ነው።

የሚያስገርመው፣ ይህ ሁሉ መረጃ እያለ ባለሙያዎች እንኳ የሚሳሳቱበት መሆኑ ነው። በ2012 በታተመ የአሜሪካ የሽንት ቧንቧና የወንዶች ጤና ሐኪሞች ጥናት፣ ከተጠየቁት ሐኪሞች ሩብ ያህሉ መውለድ ላቃታቸው ወንዶች ለሕክምናነት ቴስቶስትሮን እንደሚያዝዙ ተናግረዋል። ችግሩን የሚያብሰው መድኃኒት እንደ መፍትሔ ይሰጥ ነበር ማለት ነው። ባደገው ዓለም ስፔሻሊስት ሐኪሞች መካከል ይህን ያህል መሳሳት ከታየ፣ መድኃኒቱን ያለ ሐኪም የሚሸጥና የሚገዛ ሰው ዕውቀት ምን ያህል ሊሆን እንደሚችል መገመት አያዳግትም።

ዛሬ የሕክምና መመሪያዎቹ ግልጽ ናቸው። የአሜሪካ የኢንዶክሪን ማኅበር በ2018፣ የአሜሪካ የዩሮሎጂ ማኅበርም ከሥነ ተዋልዶ ሕክምና ማኅበር ጋር በ2020 ባወጧቸው መመሪያዎች፣ አሁንም ሆነ በቅርብ ጊዜ ልጅ ለሚፈልግ ወንድ ቴስቶስትሮን ብቻውን እንዳይታዘዝ አሳስበዋል።

የተዘጋው ቦይ ይከፈታል?

ለአብዛኞቹ መልሱ አዎ ነው፤ ጊዜ ግን ይፈልጋል። አንድ የዘር ሕዋስ ተፈጥሮ እስኪበስል ሁለት ወር ተኩል ገደማ ይፈጃል። ስለዚህ መርፌው ዛሬ ቢቆም ዘሩ ነገ አይመለስም። በ2006 የታተመና ከ1,500 በላይ ወንዶችን መረጃ ያጠቃለለ ጥናት እንዳመለከተው፣ ሆርሞኑን ካቆሙት መካከል 67 በመቶዎቹ በስድስት ወር፣ 90 በመቶዎቹ በዓመት ውስጥ የዘር መጠናቸው ወደ ተለመደው ደረጃ ተመልሷል። የተቀሩት እስከ ሁለት ዓመት ጠብቀዋል።

ይህ አኀዝ ተስፋ ሰጪ ቢሆንም አንድ ነገር መዘንጋት የለበትም። በእነዚያ ጥናቶች የተሳተፉት ወንዶች ሲጀምሩ ጤነኞች ነበሩ። ሕክምናውን ሲጀምር የዘር ፍሬው ቀድሞ የተጎዳ፣ ለብዙ ዓመታት የወሰደ ወይም ዕድሜው የገፋ ሰው የመመለስ ዕድሉ ከዚህ ያነሰና የዘገየ ሊሆን ይችላል። የሚስቱም ዕድሜ አብሮ መታሰብ አለበት። ለ38 ዓመት ሴት የባሏን ዘር መመለስ ሁለት ዓመት መጠበቅ ማለት የራሷን የመውለድ ዕድል ማጥበብ ማለት ነው።

ዘርን ጠብቆ መታከም

ቴስቶስትሮኑ በእርግጥ ያነሰ ሰው ሳይታከም ይቅር ማለት አይደለም። የሆርሞን እጥረት እውነተኛ ሕመም ነው፤ አጥንትን ያሳሳል፣ ደም ያሳንሳል፣ ጉልበትና ፍላጎት ያሳጣል። ጥያቄው እንዴት ይታከም የሚለው ነው።

የመጀመሪያው እርምጃ በትክክል መመርመር ነው። ድካምና የፍላጎት መቀነስ ከእንቅልፍ እጦት፣ ከስኳር በሽታ፣ ከጭንቀት፣ ከመጠን ካለፈ ውፍረት ወይም ከአልኮል ሊመጣ ይችላል። የአሜሪካ የዩሮሎጂ ማኅበር መመሪያ ምልክቱ ያለበት ሰው በሁለት የተለያዩ ቀናት በማለዳ ደሙ ተመርምሮ፣ መጠኑ በአንድ ዴሲሊትር ከ300 ናኖግራም በታች ሲሆን እጥረት እንዳለበት እንዲወሰድ ይመክራል። ማለዳ የሚመረጠው ሆርሞኑ በቀኑ ውስጥ ከፍና ዝቅ ስለሚል ነው።

ቀጥሎ የኤል ኤች እና የኤፍ ኤስ ኤች መጠን ይለካል። ሁለቱ ከፍ ብለው ቴስቶስትሮን ካነሰ ጉዳቱ በራሱ በዘር ፍሬው ላይ ነው፤ የውኃ አባቱ ቦዩን ከፍቶታል፣ መሬቱ ግን አልቀበል ብሏል። ከጉርምስና በኋላ የሚይዝ የጆሮ ደግፍ በሽታ ወደ ዘር ፍሬ ወርዶ እንዲህ ያለ ጉዳት ሊያስከትል ይችላል። ሁለቱም ዝቅ ካሉ ግን ችግሩ ከላይ ከትእዛዝ ሰጪው ነው፤ ይህኛው ዘርን ጠብቆ ለማከም ይበልጥ ይመቻል።

ትእዛዙ ለጎደለው ወንድ ሐኪም ሊመርጣቸው የሚችላቸው መድኃኒቶች አሉ። ኤች ሲ ጂ የተባለው በመርፌ የሚሰጥ ሆርሞን የኤል ኤችን ሥራ ተክቶ ይሠራል፤ በነፍሰ ጡር ሴት የእርግዝና ምርመራ የሚታየው ሆርሞን ራሱ ነው። ቦዩን እንደገና ይከፍተዋል ማለት ነው፤ የዘር ፍሬው የራሱን ቴስቶስትሮን ያመርታል። ፒቱታሪያቸው ለታመመ ወንዶች ከኤፍ ኤስ ኤች ጋር ተጣምሮ ዘር እንዲያፈሩ ለማድረግ ይሰጣል። ክሎሚፌን የተባለው እንክብል ደግሞ አንጎል ብዙ መልእክት እንዲልክ ይገፋፋል። ክሎሚፌን በመጀመሪያ የተፈቀደው ለሴቶች የመውለድ ችግር በመሆኑ ለወንድ የሚሰጠው በሐኪም ውሳኔና ክትትል ነው።

ቴስቶስትሮኑን ማቆም ለማይችሉ ደግሞ ኤች ሲ ጂን አብሮ የመስጠት አማራጭ ተሞክሯል። በ2013 በታተመ ጥናት ሁለቱን አብረው ከወሰዱ 26 ወንዶች መካከል ዘሩ ጨርሶ የጠፋ አልነበረም፤ የዘጠኙም የትዳር አጋሮች አርግዘዋል። የጥናቱ ተሳታፊዎች ጥቂት ስለሆኑ ውጤቱ ለሁሉም ዋስትና አይሆንም። ቢሆንም በጥንቃቄና በየጊዜው የዘር ፈሳሽ ምርመራ እየተደረገ የሚሄድበት መንገድ መኖሩን ያመለክታል።

ሌላው መንገድ ሕክምናው ከመጀመሩ በፊት የዘር ፈሳሽን አቀዝቅዞ ማስቀመጥ ነው። ይህ ለአርሶ አደሩ እንግዳ ነገር አይደለም። ላም በሰው ሠራሽ ዘዴ ስትዳቀል የኮርማው አባለዘር በፈሳሽ ናይትሮጅን ቀዝቅዞ ወደ ቀበሌው እንደሚመጣ ያውቃል። የሰውም ዘር በዚሁ ዘዴ፣ ከዜሮ በታች በ196 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ለዓመታት ሊቀመጥ ይችላል። አገልግሎቱ ግን እንደ ላሟ ማዳቀያ ቀበሌ ድረስ የሚመጣ አይደለም፤ ወጪም አለው። ስለዚህ ለአብዛኛው ሰው ርካሹና አስተማማኙ መንገድ አስቀድሞ መጠየቅና መድኃኒቱን አስተካክሎ መምረጥ ነው።

ከማን ምን ይጠበቃል?

የዓለም ጤና ድርጅት በ2023 ባወጣው ሪፖርት በዓለም ላይ ከስድስት ሰዎች አንዱ በሕይወት ዘመኑ የመውለድ ችግር እንደሚያጋጥመው ገልጿል። በጥንዶች መካከል ከሚታየው ችግር በግማሽ ያህሉ ወንዱም ድርሻ አለበት። በእኛ ማኅበረሰብ ግን ልጅ ሲዘገይ ጸበል ለጸበል፣ ሐኪም ቤት ለሐኪም ቤት የምትንከራተተው በአብዛኛው ሴቷ ናት። ትዳር የሚፈርሰውና ስም የሚወጣውም በእርሷ ላይ ነው። የወንዱ የዘር ፈሳሽ ምርመራ ከሴቷ ምርመራዎች ይልቅ ቀላልና ሕመም የሌለው ሆኖ ሳለ መጨረሻ ላይ መታሰቡ ፍትሐዊ አይደለም፤ ጊዜና ገንዘብም ያባክናል።

ስለዚህ ልጅ የዘገየባቸው ጥንዶች አብረው መመርመር አለባቸው። ወንዱ ቴስቶስትሮን ወይም የጡንቻ ማፈርጠሚያ መርፌና እንክብል ወስዶ የሚያውቅ ከሆነ ሳያፍር ለሐኪሙ መናገር ይገባዋል። ሐኪሙ ይህን ካላወቀ ምክንያቱን ሲፈልግ ወራት ያልፋሉ፤ ካወቀ ግን መድኃኒቱን ማቆምና መከታተል ብቻ መፍትሔ ሊሆን ይችላል። መድኃኒቱን በሐኪም ትእዛዝ የሚወስድ ሰው ግን በራሱ ውሳኔ በድንገት ማቆም የለበትም። ድካሙና የስሜት መውረዱ ሊበረታበት ስለሚችል አቋራጩን ከሐኪሙ ጋር ሊወስን ይገባል።

የጤና ባለሙያዎች በበኩላቸው ከመጀመሪያው መርፌ በፊት «ልጅ መውለድ ትፈልጋለህ? መቼ?» ብለው መጠየቅ፣ መልሱንም በሕክምና ካርዱ ላይ ማስፈር አለባቸው። ጥያቄው አንድ ደቂቃ አይወስድም። ያልተጋባ ወጣትም ቢሆን «ገና ነኝ» ማለቱ «አልፈልግም» ማለት አይደለምና ስለ ነገው ሊነገረው ይገባል።

መድኃኒት ቤቶችም ኃላፊነት አለባቸው። ቴስቶስትሮን ያለ ሐኪም ትእዛዝ የሚሸጥ ዕቃ አይደለም። ምንጩ በማይታወቅ ብልቃጥ ውስጥ ምን እንዳለ፣ መጠኑም ስንት እንደሆነ ገዢው ሊያውቅ አይችልም። የምግብና መድኃኒት ተቆጣጣሪ አካላት በስፖርት ማዘውተሪያዎችና በማኅበራዊ ሚዲያ የሚደረገውን ሽያጭ ሊከታተሉት ይገባል። የሰውነት ማጎልመሻ አሠልጣኞችም ወጣቶቹ ከማንም በላይ የሚሰሟቸው በመሆናቸው እውነቱን የመናገር ግዴታ አለባቸው።

የመንግሥት ሆስፒታሎችን አገልግሎት ማስፋትም የዚሁ አካል ነው። በአዲስ አበባ የሚገኘው የቅዱስ ጳውሎስ ሆስፒታል ሚሌኒየም ሕክምና ኮሌጅ የመውለድ ችግርን የሚያክም ማዕከል መክፈቱ ትልቅ እርምጃ ነበር። ሆኖም ከገጠር ተነሥቶ አዲስ አበባ መመላለስ ለአርሶ አደር ቤተሰብ ከባድ ነው። ቢያንስ የዘር ፈሳሽና የሆርሞን ምርመራ በክልል ሆስፒታሎች በአስተማማኝ ሁኔታ ቢሰጥ፣ ብዙ ባለትዳሮች የችግራቸውን ምንጭ በቅርባቸው ሊያውቁ ይችላሉ።

«ሳይቃጠል በቅጠል» እንዲሉ፣ በዚህ ጉዳይ ቅጠሉ በእጃችን ነው። ቴስቶስትሮን ለሚያስፈልገው ሰው ጠቃሚ መድኃኒት ነው፤ ልጅ ለሚፈልግ ሰው ግን ያለ ምክርና ያለ ክትትል ሊሰጥ አይገባም። መርፌውን ሊጀምር ያሰበ ወንድ ወደ ሐኪም ቤት ሲሄድ የትዳር አጋሩን ይዞ ይሂድ፤ የሆርሞን ምርመራው ሁለት ጊዜ በማለዳ መደረጉን ያረጋግጥ፤ የዘር ፈሳሽ ምርመራ ይጠይቅ፤ የመውለድ ዕቅዱንም በግልጽ ይናገር።